እሳቸው

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከበሩ ጥበቃ እስከ ክፍሉ ኃላፊ ድረስ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚላት። ሥራዋ ፍርድ ቤት የፈቀደበትን ሰው ስልክ ማዳመጥ፣ የሰማችውን መጻፍ፣ ከዚያም አብረዋቸው ለሚሠሩት የውጭ አገር ፖሊሶች በቋንቋቸው መገልበጥ ነው። ሻይ ቤት ስትገባ «ጆሮ፣ ዛሬስ ምን ሰማሽ?» ይሏታል። «የእናንተን ሐሜት» ትላለች። ይስቃሉ፤ ግን ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ ያደርጋሉ።

ክፍሏ ከደረጃው ሥር የተወሸቀች ናት። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ መስኮቱ ጋራዡን ያያል። የማዳመጫው ቆዳ ስለተላጠ ጥቁር ቅርፊት ፀጉሯ ላይ ሲያራግፍባት ይውላል። አዲስ ይገዛልኝ ብላ ጠይቃ በጀት የለም ተብላለች። ይኸው መሥሪያ ቤት ለአዳራሹ መጋረጃ ሲሆን በጀት አላጣም።

ያን ሰሞን የያዙት የአንድ መድኃኒት አስመጪ ኩባንያ ጉዳይ ነበር። «ጤናዎ ሥራችን ነው» የሚል ሰሌዳ በየአደባባዩ የሰቀለ፣ ለሆስፒታል አልጋ ሲያበረክት በቴሌቪዥን የሚታይ፣ አንቱ የተባለ ኩባንያ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት ከባሕር ማዶ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ይገዛል፤ መጋዘኑ ውስጥ አዲስ ቀን ያትምበታል፤ ከዚያ በራሱ የጭነት መኪና ለጎረቤት አገሮች ጭምር ያከፋፍላል። ክኒኑ አንድ አገር ይወለዳል፣ ሌላ አገር ያረጃል፣ እዚህ መጥቶ ወጣት ይሆናል፣ ድንበር ተሻግሮ ሰው ይገድላል። እሱን ድንበር ላይ ማን ነህ የሚለው የለም። ተከትሎት የሚሄደው መርማሪ ግን ለየአገሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲመጣ «ማኅተሙ አይነበብም» ተብሎ እንደገና ይጽፋል።

ስልኩ ላይ የኩባንያው ሰዎች የዋናውን ሰው ስም አይጠሩም። «እሳቸው ፈቅደዋል» ይላል አንዱ። «እሳቸው ሳያውቁ አንድ ካርቶን እንዳይነቃነቅ» ይላል ሌላው። ስም የለ፣ ማዕረግ የለ፤ እሳቸው ብቻ። ክፍሉ በሙሉ እሳቸውን ፍለጋ ላይ ታች ሲል ከረመ።

የውጭዎቹ ቋንቋ ደግሞ አንቱታ አያውቅም። ሰውየውን «እሱ» ወይም «እሷ» ካላሉት ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም። ጆሮ የመጀመሪያውን ስልክ ስትገለብጥ «እሱ» ብላ ጻፈች። ቆም ብላ አላሰበችም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ያንኑ ተከትሎ ሄደ። የኩባንያው ሊቀመንበር ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው፤ ፎቷቸው ግድግዳው ላይ መሀል ተለጥፎ፣ ከየአቅጣጫው ቀይ ክር ተወጥሮበታል። ማን ምን ይጠይቃል?

ጆሮ ከምታዳምጣቸው ሁሉ የምትወደው አንድ ሰው ነበር። የኩባንያው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሌሎቹ ስልክ የሚያነሱት ሊዋሹ ነው፤ እሱ በየዕለቱ እናቱ ጋ ይደውላል።

«እማዬ፣ የግፊት መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«ውጫለሁ የኔ ጌታ። ራሴን ማዞሩ ግን አለቀቀኝም።»

«ሳትበዪ ውጠሽ ይሆናላ!»

«እንደ አባትህ አትነዝንዘኝ።»

ጆሮ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ መዝለል ትችላለች፤ ለምርመራ አይጠቅምም። አትዘልም ነበር። የገዛ እናቷ ካረፉ ወዲህ «በላሽ ወይ?» ሲባል የምትሰማው እዚያ መስመር ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን ታዲያ ሹፌሩ ድንገት ጠየቀ፦

«ካርቶኑ ግን ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ ማንበብ ከየት አምጥቼ! ሰማያዊ ነው። ወፍ ነገር ተስሎበታል።»

መስመሩ ዝም አለ። ጆሮ የተቋረጠ መስሏት ማዳመጫውን ነካ ነካ አደረገች። አልተቋረጠም፤ ሰውየው ትንፋሹ ይሰማል። ወፍ ያለበትን ሰማያዊ ካርቶን በሚነዳው መኪና ስንቴ እንዳመላለሰ እሷም ታውቃለች።

«እማዬ፣ እሱን ነገር ጣዪው።»

«ምን ሆነሃል? እንዲህ ተወዶ የተገዛ መድኃኒት?»

«ጣዪው አልኩሽ!»

በእናቱ ላይ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። ማዳመጫዋን አውልቃ በቀጥታ ወደ አለቃዋ ሄደች። አለቃው ሪዛም፣ ቀልጣፋ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ፣ ቶሎ በል» የሚሉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው «አለቃ ቶሎ» ይባላሉ።

«ይሄ ልጅ ሆዱ ተቃጥሏል» አለቻቸው። «ብናናግረው ይነግረናል።»

ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት። በኋላ ሌላ ሰው ላይ ልታሳብብ ብትሞክርም ይህቺ እውነት ከፊቷ ዞር አላለችም።

ሹፌሩን ያነጋገሩት ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነው፤ ጎማ ሊያስጠግን የመጣ መስሎ ገባ። ከጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ጆሮ መቅረጫውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ድምፁን ሰምታ ካሰበችው ይልቅ ሰውየው ወፍራም ሆኖ አገኘችው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይጠመዝዛል።

«እሳቸው ካልተያዙ እኔ የለሁም» አለ ገና ከመጀመሪያው። «እዚያ ቤት የከዳ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ለራሴ አይደለም፣ እናቴ ሰው የላትም።»

«እሳቸው ይያዛሉ» አሉ አለቃው። «አንተ ብቻ ንገረን። በዓይንህ አይተሃቸዋል?»

«እንዴ! መጋዘን ይመጡ የለ? ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ‹በርታ› ብለውኛል።»

«ጥሩ። ቶሎ በል፣ ጭነቱ ከየት ነው የሚነሳው?»

ሁሉንም ነገራቸው። መጋዘኑን፣ ማተሚያውን፣ ድንበር ላይ የሚቀበለውን ሰው፣ የሚቀጥለው ጭነት የሚነሳበትን ቀን። ሲወጣ አለቃው ለክፉ ቀን የሚሆን የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ሰጡት። «ቀን ሆነ ማታ አነሳለሁ» አሉት፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ብዙም አልቆየ። ስልኩ ላይ «እሳቸው ሰኞ ይበራሉ» የሚል ወሬ ተያዘ። ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት አገር ፖሊስ ለመያዝ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሹፌሩ ደግሞ እንዳይጠረጠር እንደ ወትሮው ጭነት ይዞ ድንበር ተሻግሯል። ሰኞ ዕለት የውጭው መኮንን ከአውሮፕላን ማረፊያው በስልክ ገባ። ጆሮ መሀል ቁጭ ብላ የአንዱን ለአንዱ ታስተረጉማለች።

«ባልና ሚስት ናቸው» አለ መኮንኑ። «አብረው ነው የወረዱት። የትኛውን ነው የምንይዘው?»

ይህንን ስትናገር ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«የትኛውን ይላል እንዴ!» አሉ አለቃው ሪዛቸውን እየጠራረጉ። «ሽማግሌውን እንጂ! ሴትዮዋማ ሻንጣ ልትጠብቅለት ነው የሄደችው።»

ጆሮም ሳቀች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ሰውየውን» ብላ ወደ መኮንኑ ቋንቋ ገለበጠችው። መኮንኑ «ምስክራችሁ አረጋግጧል?» አለ። አለቃው «አረጋግጧል፣ ቶሎ በሉ» አሉ፤ እሱንም ገለበጠች። አዛውንቱ በዚያው በከዘራቸው ተያዙ። ሚስትየዋን ግን አዘኑላቸው፤ ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃ አቀረቡላቸው፣ ባላቸው ስለ አንድ ጭነት ሲጠየቁ አጠገባቸው ተቀምጠው እንዲያጽናኑ ፈቀዱላቸው። የተጠየቀው ጭነት አንድ ሹፌር ብቻ የሚያውቀው ጭነት ነበር። ከዚያ በሚቀጥለው በረራ ወደ አገራቸው አሳፈሯቸው።

በማግሥቱ መግለጫ ተጠራ። አዳራሹ ባዶ እንዳይመስል ሁሉም ሠራተኛ እንዲገኝ ታዘዘ፤ ጆሮም ማዳመጫዋን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች። አለቃው በአዲሱ መጋረጃ ፊት ቆመው ስለ ዓለም አቀፍ ትብብር ተናገሩ። ራዲዮኑ ወዲያው ተቀበለው፦ «የመድኃኒት አስመጪው ኩባንያ ባለቤት በቁጥጥር ሥር ዋሉ።»

ጭብጨባው አልቆ ወደ ክፍሏ ስትመለስ የሹፌሩ መስመር ላይ የተቀረጹ ጥሪዎች ጠበቋት። የመጀመሪያው ለመጋዘን ኃላፊው የደወለው ነው።

«አራግፌ እየተመለስኩ ነው» ይላል ሹፌሩ። ድምፁ ቀለል ብሎታል። «መኪናዋን የት ላቁማት?»

«እዚህ አምጣት። እሳቸው ይፈልጉሃል።»

«እሳቸው? የኩባንያው ባለቤት ተይዘዋል ብሎ የለ እንዴ ራዲዮኑ?»

«የተያዙትማ ባላቸው ናቸው፣ ሽማግሌው። እሳቸው ትናንት ገብተዋል። ከመጡ ጀምሮ አንተን ነው የሚጠይቁት።»

ጆሮ ክው አለች። ባላቸው። ደግማ ሰማችው። ባላቸው። ያን ሁሉ ወራት በጆሮዋ የገባው «እሳቸው» ሁሉ ተመልሶ መጣባት፤ «እሱ» እያለች የሞላችው ገጽ ሁሉ ዓይኗ ላይ ተደቀነ። ሴትዮዋ በእጃቸው ገብተው ነበር። ወንበር ሰጥተው፣ ውሃ አጠጥተው መልሰዋቸዋል። ሹፌሩማ ከመጀመሪያውም ያውቃል። የሚያውቁ ስለመሰለው ሴት ናቸው ብሎ አልነገራቸውም፤ ራዲዮኑ «ባለቤት» ሲልም የእሱ ጆሮ የሰማው ሴትዮዋን ነው።

ሁለተኛው ጥሪ ለአለቃው ነው። ጠርቶ ጠርቶ ማንም ሳያነሳው ቆመ። አለቃው መግለጫ ላይ ስለነበሩ ስልካቸውን ድምፅ አጥፍተውታል። ሦስተኛው ለእናቱ ነው።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ከቤት ውጪና አክስቴ ጋ ሂጂ።»

«ምነው ልጄ?»

«አትጠይቂኝ። መድኃኒት ከሌላ ቦታ እንዲገዙልሽ ንገሪያቸው፣ እሺ?»

ጆሮ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። አለቃው ከጋዜጠኞች ጋር ፎቶ እየተነሡ ነበር። ክንዳቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። ሰው ተላከ፤ ግን የሄደው ቡድን የመጋዘኑ በር ላይ ቆመ፤ የመበርበሪያ ትእዛዙ የወጣው በአዛውንቱ ቤትና ቢሮ ብቻ ነው። ትእዛዙ መጥቶ በሩ ሲከፈት ውስጡ ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። መኪናው ከነሹፌሩ ገደል ሥር ተገኘ። የትራፊክ ፖሊሱ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ብሎ መዘገበ፤ ፍሬኑን ግን ዝቅ ብሎ ያየው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ነው። ወንጀል እንዲህ ያለ የኩባንያ ልብስ ሲለብስ መጨረሻው ሁልጊዜ አሰልቺ ነው። የኩባንያው ጠበቆች ለውጭው ፍርድ ቤት የተላከውን ትርጉም ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት፤ ከላይ እስከ ታች «እሱ» ይላል። ስለዚህ እሷን አይመለከትም። አዛውንቱን ደግሞ አንድም ድምፅ አይጠቅሳቸውም፤ ስለዚህ እሳቸውንም አይመለከትም። በጤና ምክንያት ተለቀቁ። ኩባንያው «የመለያ ጽሑፍ ጉድለት» አለብኝ ብሎ አመነ፣ ተቀጣ፣ ስሙን ቀየረ፣ ሰሌዳውን አስቀባ።

ሴትዮዋ አንድ ቀን የባላቸውን ፓስፖርት ሊወስዱ ቢሮ ድረስ መጡ። ትንሽዬ፣ ለስላሳ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አሮጊት ናቸው። ኮሪደሩ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይቀመጡ እንጂ!» አሉ አለቃው፤ ወንበር በገዛ እጃቸው ስበው። ሻንጣ ጠባቂ ያሏትን ሴት ዛሬ አንቱ ለማለት ምንም አልተናነቃቸውም። ሲወጡ ጆሮን ደረጃው ሥር አገኟትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«በርቺ ልጄ» አሏት። ጆሮ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች።

የሆነ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አለቃው መደምደሚያውን ራሳቸው አርቅቀው ይዘውላት መጡ፦ ምስክሩ የተጠርጣሪዋን ማንነት አስመልክቶ አሳሳች ቃል ሰጥቷል።

«አሳሳች?» አለች ጆሮ። «ሰውየው መቼ ዋሸ?»

«ሴት ናቸው ብሎ ነግሮናል? አልነገረንም።»

«ጠይቀነዋል?»

«ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ ሞቷል፤ ምንም አይጎዳውም። እኔና አንቺ ግን ገና ደሞዝ እንበላለን። ‹እሱ› ብላ የጻፈችው ደግሞ ማን እንደሆነች ኮሚቴው እንዲጠይቅ ትፈልጊያለሽ?»

የጎሚስታ ቤቱን ቅጂ አውጥታ መስማት ትችል ነበር። እጇ ሥር ነው። ፈራች። ከመሳቢያው ሳታወጣው ፈረመች። ምስክሩ አሳሳች በመሆኑም ለቤተሰቡ የታሰበው ድጋፍ ውሃ በላው። አለቃው በበኩላቸው ድንበር ተሻጋሪ ወንጀልን ስለመከላከል ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ባሕር ማዶ ተጋበዙ።

የሹፌሩ እናት የመጡት ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ስብሰባ ላይ ሳለ ነው። ጥበቃው ማን ጋ እንደሚወስዳቸው ቢቸግረው ጆሮ ክፍል አስገባቸው። የልጃቸውን ኮፍያና የመንጃ ፈቃድ በፌስታል ይዘዋል፤ ከሌላ ክፍል ተረክበው ነው። ድምፃቸውን ሰላም ሲሉ ገና ለየችው።

«አንቺ ነሽ አሉ የምታዳምጪው» አሉ።

«አዎ እማማ። ይቀመጡ።»

«ልጅሽ ዋናዋ ሴት መሆናቸውን ሳይነግረን ዋሽቶናል አሉኝ፣ ላይ ያሉት። እኔ ያሳደግኩትን አውቃለሁ፤ ግን መንግሥት ከፈረመበት ምን እላለሁ።» ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «እሱን ልከራከር አይደለም የመጣሁት። ድምፁ እዚህ አለ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ጋ ፎቶ እንጂ ድምፁ የለኝም። አንዴ አሰሚኝ።»

ክልክል ነው። ይህን የሚከለክለውን ደንብ ጆሮ በቃሏ ታውቀዋለች። ፈርሜ የቀበርኩት እኔ ነኝ ማለትም ነበረባት፤ አላለችም። መሳቢያውን ከፍታ የጎሚስታ ቤቱን ቅጂ አወጣች፤ የስልክ ቅጂዎቹ ታሽገው ተወስደዋል፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የማዳመጫውን አንዱን ጎን ለእናትየው ሰጥታ ሌላውን በገዛ ጆሮዋ ያዘች።

ልጁ መናገር ጀመረ። እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ማተሚያው፣ ስለ ድንበሩ ሲናገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ምን እንዳለ ሳይሆን ድምፁን ነው የሚሰሙት። መሀል ላይ ሳቅ አለ።

«እንዲያው ሲያዩዋቸው እኮ ምንም አይመስሉም» ይላል ልጁ። «ቁርጥ እናቴን ነው የሚመስሉት። ልክ እንደሷ አድርገው ነው ፀጉራቸውን የሚ...»

«እሱ ይቆየን» ይላል የአለቃው ድምፅ። «ቶሎ በል፣ ታርጋውን ንገረን።»

ጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አነሣች። እዚያ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ መቅረጫው ጉልበቷ ላይ ነበር። ይህን ቃል በዚህ ጆሮዋ ሰምታዋለች። ምንም አላስታወሰችም።

እናትየው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ስለ ማን ነው ‹እናቴን ይመስላሉ› የሚለው?»

«ስለ... ስለ ዋናዋ ነው እማማ። ልንይዛቸው ስለፈለግናቸው።»

«ታዲያ ነግሯችኋላ!» አሉ እናትየው። ቁጣ አልነበረበትም፤ የገረማቸው ይመስላሉ። «እናቴን ይመስላሉ ካለ ሴት ናቸው ማለቱ አይደል እንዴ? ምነው ልጄን አላስጨረሳችሁትም?»

ጆሮ ቅጂውን አቆመችው። እናትየው ማዳመጫውን እንደገና ጆሯቸው ላይ ይዘው «ድገሚልኝ» አሏት፤ ደገመችላቸው።